ትንሽ ኩላሊት፣ ረጅም መንገድ

በተመረቅንበት 20ኛ ዓመት የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



 ዛሬ ከመካከላችን የሌሉትን፣ በሞት የተለዩንን ጓደኞቻችንን ነፍስ ይማርልን።

አዘጋጅ ኮሚቴው ስልክ ደውሎ "ሃያ ደቂቃ ትናገሪያለሽ፤ ሌክቸር ግን እንዳታደርጊው፤ ልጆችም ባለቤቶችም አሉ" ብሎ አስጠንቅቆኛል። ቃል ገብቻለሁ፤ ስላይድም አላመጣሁም። በፓቶሎጂ ክፍለ ጊዜ ኋላ ወንበር ላይ እንቅልፋቸውን ይጨርሱ የነበሩ ሰዎች ዛሬም እዚያው ኋላ መቀመጣቸውን አይቻለሁ። እነሱን ሳላስተኛ ከጨረስኩ ንግግሬ ተሳክቷል ማለት ነው።

ላወራችሁ የመጣሁት በአሜሪካ በምሠራበት በሕፃናት ኩላሊት ሕክምና ውስጥ ስላለ አንድ ጥያቄ ነው። በለጋ ዕድሜው የሞተ ልጅ ኩላሊት ለሌላ ልጅ ቢተከል ውጤቱ ምን ይሆናል? መልሱን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። የስሕተቱን ዋጋ የከፈልኩት ግን እኔ አይደለሁም፤ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ናት። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር። የታካሚዎቼ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።

የመጀመሪያው ስልክ

አሠራሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በአሜሪካ አንድ ሰው በአንጎል ሞት ሲያልፍ ቤተሰቦቹ ከፈቀዱ ኩላሊቱ በአገር አቀፉ የተራ ዝርዝር መሠረት ይሰጣል። ተራው የደረሰው ታካሚ ሐኪም ይደወልለታል፤ ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው። የለጋሹ ዕድሜ፣ ክብደት፣ የሞቱ ምክንያትና ክሬቲኒኑ ይነገረዋል። ከዚያ "እንቀበላለን" ወይም "እናልፋለን" ማለት አለበት። የማሰቢያው ጊዜ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው።

ታካሚዬ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ክብደቷ 15 ኪሎ። በአንገቷ በገባ ካቴተር አማካይነት ዲያሊሲስ ይደረግላት ነበር። አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ለጋሹ የሁለት ዓመት ሕፃን ነው፤ 12 ኪሎ፤ ሁለቱም ኩላሊቶች አንድ ላይ ይሰጣሉ። "እናልፋለን" አልኩና ተመልሼ ተኛሁ።

ለምን? በሥልጠና ላይ እያለሁ ከትንሽ ሕፃን የመጣ ኩላሊት በተተከለ በሁለተኛው ሌሊት ደም ረግቶበት ሲወጣ አይቻለሁ። ጠቁሮ ነበር። የልጁ አባት ኮሪደር ላይ ቆሞ "ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አስገባችሁት?" ብሎ የጠየቀኝ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። እውነቱን ለመናገር ያን ሌሊት የወሰንኩት ስለ ልጅቷ አስቤ ሳይሆን ያንን ኮሪደር አስታውሼ ነው።

ጠዋት ለእናቷ አልነገርኳትም። ሐኪም ስላለፈው ጥሪ ለቤተሰብ አለመንገሩ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። እኔም የተለመደውን አደረግሁ።

ልጅቷ ከዚያ በኋላ 13 ወር ጠበቀች። በነዚያ ወራት በካቴተሩ ኢንፌክሽን ምክንያት ሁለት ጊዜ ተኛች። አንዱ የአንገቷ ደም መልስ ተዘጋ። ቁመቷ አልጨመረም ማለት ይቻላል። ጓደኞቿ ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመረቁ እሷ ቆቡን አድርጋ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነበረች። በመጨረሻ ከአንድ ወጣት ለጋሽ ኩላሊት አገኘች፤ ዛሬ ደህና ናት። እነዚያን 13 ወራት ግን የሚመልስላት የለም።

ከዓመት በኋላ በአንድ የሙያ ስብሰባ ላይ ከአንድ የአዋቂዎች ኩላሊት ሐኪም ጋር ቡና እየጠጣን ነበር። ወሬ ወሬን አነሣና እንዲህ ያሉትን ጥሪዎች እኛ እንደምናልፋቸው ነገርኩት። ሳቀ። "እናንተ የምታልፏቸው እኮ ወደኛ ነው የሚመጡት! ከዓመታት በኋላ ጥሩ ሆነው ከማያቸው ኩላሊቶች ውስጥ እነሱ ይገኙበታል" አለኝ። እኔ አልሳቅሁም። የሕፃን ኩላሊት ለሕፃን አይሆንም ብለን እያለፍን ለአዋቂ ነበር የምንልከው። ወደ ቤቴ ተመልሼ እንደገና ማንበብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሣም። የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት ንቅለ ተከላ ማዕከላት እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ውጤታቸውን በአንድ የጋራ መዝገብ ያሰባስባሉ። መዝገቡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያሳየው ግልጽ ነበር። ለጋሹ ከአምስት ስድስት ዓመት በታች ሲሆን፣ በተለይ ተቀባዩም ትንሽ ከሆነ፣ ኩላሊቱ ገና ከመጀመሪያው በደም መርጋት የመጥፋት ዕድሉ ከፍ ይላል። ምክንያቱ አይከብድም። የሁለት ዓመት ልጅ የኩላሊት ደም ቅዳ ውፍረቱ ከአንድ የፓስታ ዘለላ ብዙም አይበልጥም። እሱን መስፋት ከባድ ነው፤ ከተሰፋ በኋላ ደግሞ ትንሽ ከተጣጠፈ ወይም የልጁ የደም ግፊት ለጥቂት ጊዜ ከወረደ ይዘጋል።

ስለዚህ ፊታችንን ወደ አዋቂ ለጋሽ አዞርን። የአዋቂ ኩላሊት ደም ሥሩ ሰፊ ነው፤ ለመስፋት ይመቻል። ግን እሱም የራሱ ዕዳ አለው። ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ኩላሊት 10 ኪሎ በሚመዝን ሕፃን ሆድ ውስጥ ቦታ ተፈልጎለት ከአኦርታው ጋር ይያያዛል። ይህ ኩላሊት የለመደው የትልቅ ሰው ልብ የሚገፋለትን ደም ነው። የሕፃኑ ልብ ያን ያህል እንዲያቀርብ በፈሳሽ መደገፍ አለበት። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ለወራት፣ ብዙ ጊዜ በአፍንጫ ቱቦ፣ ብዙ ፈሳሽ ይሰጠዋል። ካልሆነ እንግዳው ኩላሊት ደም እየጠማው ይጎዳል።

እንግዲህ ምርጫው በአደገኛና አደጋ በሌለው መካከል አልነበረም፤ በሁለት ዓይነት አደጋዎች መካከል ነበር። እኛ አንደኛውን ብቻ ነበር የምናየው።

የችግኝ ነገር

ንቅለ ተከላ የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር አባቴ ትዝ ይለኛል። በጓሯችን የበርበሬ ችግኝ ያፈላ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ከመደቡ እየነቀለ ያዛውራል። ያደገውን፣ ያፈራውን ተክል ነቅሎ ሌላ ቦታ የሚተክል ገበሬ የለም፤ የሚዛወረው ችግኝ ነው። ችግኝ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ጥላና ውኃ ይፈልጋል። ከጠወለገ የሚጠወልገው ያኔ ነው። ያቺን ሳምንት አልፎ ሥር ከያዘ አይፈራለትም።

የትንሽ ልጅ ኩላሊት ነገርም እንዲሁ ነው። ፊዚዮሎጂያችንን እናስታውስ። ኔፍሮን የሚሠራው በማህፀን ውስጥ ነው፤ እስከ 36ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ሥራው ያልቃል። በአንድ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ አንድ ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮን አለ፤ ከሰው ሰው በጣም ይለያያል እንጂ ከተወለድን በኋላ አዲስ አይጨመርም። ስለዚህ የሁለት ዓመት ልጅ ኩላሊት ትንሽ የሆነው ኔፍሮን ጎድሎት አይደለም። ቁጥሩ ሙሉ ነው፤ እያንዳንዱ ገና አላደገም እንጂ። የ50 ዓመት ሰው ኩላሊት በአንጻሩ ትልቅ ነው፤ የማጣራት አቅሙ ግን ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ ጀምሯል።

ሁለቱ በልጅ ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ልዩነታቸው በዓመታት ይታያል። የአዋቂው ኩላሊት መጀመሪያ ላይ ለልጁ የተትረፈረፈ ይመስላል፤ ልጁ ሲያድግ ግን አብሮት የማደግ አቅሙ ውስን ነው። የትንሹ ልጅ ኩላሊት መጀመሪያ ላይ ያንሳል፤ ከዚያ ከአዲሱ ባለቤቱ ጋር ያድጋል፤ የማጣራት አቅሙም ልጁ እየረዘመ ሲሄድ ይጨምራል።

ቀዶ ሐኪሞቹም መላ አግኝተዋል። ለጋሹ በጣም ትንሽ ሲሆን፣ ለምሳሌ ከ15 ወይም ከ20 ኪሎ በታች፣ ሁለቱን ኩላሊቶች ሳይለያዩ ከአኦርታውና ከትልቁ ደም መልስ ቁራጭ ጋር አንድ ላይ ያወጧቸዋል። የሚሰፋው ያ ቀጭን የኩላሊት ደም ቅዳ መሆኑ ቀርቶ ሰፊው አኦርታ ይሆናል። የኔፍሮኑም ቁጥር እጥፍ ነው። አንድ የኮርስ ጓደኛችን ይህን ስነግረው "ድር ቢያብር ማለት ይኼ ነው" አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ኋላ ወንበር ላይ ነው ያለው።

ታዲያ ውጤቱ? ጠቅለል አድርጌ ልንገራችሁ። አደጋው ያለው መጀመሪያ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት በደም መርጋት የሚጠፉት ከአዋቂ ለጋሽ ከመጡት ይበዛሉ። ያንን ጊዜ ያለፉት ግን በረጅሙ ሲታዩ ከጥሩ አዋቂ ለጋሽ ከመጡት አያንሱም። ይህ በአዋቂ ተቀባዮች ላይ ከታወቀ ቆይቷል፤ ልምድ ባላቸው ማዕከላት በልጆችም ላይ ጥሩ ውጤት ታይቷል። ውጤቱን የሚያበላሹትም ይታወቃሉ፦ ኩላሊቱ በበረዶ ላይ ከ24 ሰዓት በላይ መቆየቱ፣ ተቀባዩ በጣም ሕፃን መሆኑ፣ ከዚህ በፊት የተተከለለት መሆኑ፣ የመርጋት ዝንባሌ ያለው ደም፣ እና ይህን ሥራ በዓመት አንዴ የሚሠራ ቡድን። ስለዚህ ልምድ የሌለው ቡድን እንዲህ ያለውን ጥሪ ቢያልፍ አልፈርድበትም። የምፈርደው ልጁን ወደሚችል ቦታ ሳይልክ ዝም ካለ ነው። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

ነጥብ ኩላሊት አይደለም

እኛ ጋውን ለብሰን ፎቶ በተነሣን በሁለት ወር ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005፣ አሜሪካ ውስጥ "ሼር 35" የተባለ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ከ35 ዓመት በታች ከሆነ ሟች ለጋሽ የሚገኝ ኩላሊት ቅድሚያ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዲሰጥ የሚያዝ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ረጅም ዕድሜ ለሚጠብቀው ተቀባይ ረጅም ዕድሜ ያለው ኩላሊት ይሰጠው።

ውጤቱ ሁለት መልክ ነበረው። ልጆች የሚጠብቁበት ጊዜ አጠረ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል "የሟች ኩላሊት ቶሎ ይገኛል" ስለተባለ ከወላጆቻቸው የሚወስዱ ልጆች ቁጥር ቀነሰ፤ ከሟች የሚመጣው ደግሞ የቲሹ መስማማቱ ዝቅ ያለ ሆነ። የቲሹው ነገር ዛሬ ባያስቸግር ነገ ያስቸግራል። ልጅ በአንድ ኩላሊት ዕድሜውን አይጨርስም፤ ሁለተኛ፣ ምናልባትም ሦስተኛ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያው ያልተስማማ ቲሹ ላይ ሰውነቱ ያመረተው አንቲቦዲ ለሁለተኛው በሩን ይዘጋበታል።

እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2014 ወዲህ የለጋሽ ዕድሜ ብቻውን መለኪያ መሆኑ ቀርቶ የተለያዩ መረጃዎችን የሚደምር ነጥብ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ቀመር ሕፃንነትና ትንሽ ክብደት የኩላሊቱን ጥራት ዝቅ የሚያደርጉ ሆነው ይቆጠራሉ። ቀመሩ ለአማካዩ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ልጅ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው።

ይኸው ቀመር እስከ እ.ኤ.አ. 2024 ድረስ ለጋሹ ጥቁር ከሆነ የኩላሊቱን ጥራት ዝቅ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ከጀርባው ያለው ምክንያት በብዛት በምዕራብ አፍሪካ ዘር ላይ የሚታየው የኤፖኤል 1 ጂን ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ግን ይህ ለውጥ በተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ላይ እንዳልተገኘ አሳይቷል። ቆዳን አይቶ ኩላሊትን መገመት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ በላይ ምን ይነግረናል? ትንሽነትን አይቶ መጥፎ ነው ማለትም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ሁለተኛው ስልክ

የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ 17 ኪሎ። ሲወለድ ጀምሮ የሽንት መውጫው በከፊል የተዘጋ ስለነበር ኩላሊቶቹ በማህፀን ሳለ ተጎድተዋል። ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። አባት ስኳር አለበት፤ እናት የደም ግፊት ስላለባት መስጠት አትችልም። ልጁ በየሌሊቱ ከማሽን ጋር ተያይዞ ያድራል።

ስልኩ የተደወለው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ለጋሿ የሦስት ዓመት ልጅ ናት። ቀዶ ሐኪማችን ይህን ሥራ በሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ሠለጠነ ቡድን ተዛውሬ ነበር። "እቀበላለሁ፤ ቤተሰቡን ጠይቂ" አለኝ። ለእናትየዋ ደወልኩ። የመጣው ኩላሊት የትንሽ ልጅ መሆኑን፣ ከተሳካ ከልጇ ጋር አብሮ እንደሚያድግ፣ ካልተሳካ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልናጣው እንደምንችልና ልጁ ወደ ማሽኑ እንደሚመለስ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ፦

"ዶክተር፣ የእርስዎ ልጅ ቢሆን ምን ያደርጉ ነበር?"

ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀ ሐኪም በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። መልስ የለውም ብለን ነው የምናልፈው። ያን ሌሊት ግን መለስኩላት። "እቀበል ነበር" አልኳት። "በሉ እንግዲህ፣ ልብሱን ላልብሰው" አለች።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያሉትን ሌሊቶች አልረሳቸውም። ደም የሚያቀጥነው መድኃኒት ሲበዛ ይደማል፣ ሲያንስ ይረጋል። በየጥቂት ሰዓቱ አልትራሳውንድ ይዤ እሄዳለሁ። እዚያች ስክሪን ላይ ደም ወደ ሁለቱም ኩላሊቶች ሲገባ አይና ወደ ወንበሬ እመለሳለሁ። ያ የድሮው ኮሪደር አብሮኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የሽንቱ ከረጢት ሞልቶ ነርሷ ስትቀይረው እናትየዋ ወደ ጎን ጠራችኝ።

"ያቺ ልጅ ስሟ ማን ነው?"

"ማንነቷን መናገር አይፈቀድልንም" አልኳት።

"ለሌላ አይደለም፤ ለጸሎት ነው። ክርስቲያን ከሆነች ክርስትና ስሟን፣ ካልሆነችም የወጣላትን ስም። ያለ ስም እንዴት አድርጌ ላንሣት?"

የምመልሰው ጠፋኝ። በሕጉ መሠረት የሁለቱ ቤተሰቦች ማንነት በምስጢር ይያዛል፤ ስም ያልተጻፈበት ደብዳቤ ግን በለጋሾች ጽሕፈት ቤት በኩል መላክ እንደሚቻል ነገርኳት። ከወራት በኋላ አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፋ አመጣችና ወደ እንግሊዝኛ እንድመልሰው ጠየቀችኝ። እሷ ፈቅዳልኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ልንገራችሁ፦ "እኅቴ፣ ስሟን ስላልነገሩኝ በጸሎቴ 'ታናሿ' እያልኩ አነሣታለሁ።" ያን ደብዳቤ ከመለስኩ ወዲህ ስልክ ሲደወልልኝ ከቁጥሮቹ በስተጀርባ የምትጠብቀው አንዲት እናት ብቻ አለመሆኗን አስታውሳለሁ። የሦስት ዓመት ልጇን አጥታ፣ በዚያው ቀን "እሺ" ያለች ሌላም አለች። እኔ "እናልፋለን" ስል የሷንም "እሺ" ነው የማልፈው።

ልጁ ዛሬ አሥር ዓመቱ ነው። ሲተከሉ እያንዳንዳቸው ስድስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የነበሩት ኩላሊቶች ባለፈው ስንለካቸው ዘጠኝ ደርሰዋል። እሱም ሱሪው በየዓመቱ እያጠረበት እናቱን ወጪ ያበዛባታል።

ሆኖም ታሪኩ እዚህ ላይ አለቀ ብዬ አላታልላችሁም። በልጆች ንቅለ ተከላ ውስጥ ከባዱ ዘመን ከ17 እስከ 24 ዓመት ያለው ነው። ልጁ ከእናቱ እጅ ወጥቶ፣ ከሕፃናት ሐኪም ወደ አዋቂዎች ሐኪም ሲዛወር፣ ታክሮሊመሱን መርሳት ሲጀምር ብዙ ኩላሊት የሚጠፋው ያኔ ነው። ደህና የተተከለ፣ ደህና ያደገ ኩላሊት በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ሲጠፋ አይቻለሁ። ስለዚህ ውጤት ስንል የአንድ ዓመት ክሬቲኒን ማለታችን መሆን የለበትም። የሚቆጠረው ልጁ 30 ዓመት ሲሞላው የት እንደሚገኝ ነው።

አገር ቤትስ?

አገራችን ውስጥ ከሟች የሚወሰድ ኩላሊት የለም። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ንቅለ ተከላ በሕይወት ካለ ዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ላይ የቆመ ነው። እኛ ስንመረቅ በሕልማችን ያልነበረ ነገር ነው፤ ለደከሙበት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል።

በአገር ቤት "ወጣት ለጋሽ" ስንል ግን ነገሩ ይለወጣል። የ20 ዓመት ወንድም ወይም እኅት ማለታችን ነው። ቤተሰብ ሲሰበሰብ ሁሉም ዞሮ የሚያየው ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ። "ወጣት ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ገና አላገባም።" እሱም አቀርቅሮ "እሺ" ይላል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ቦስተን ውስጥ በተመሳሳይ መንትዮች መካከል ከተደረገ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የ14 ዓመት መንትዮች ጉዳይ ማሳቹሴትስ ፍርድ ቤት ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1957 ፍርድ ቤቱ ፈቀደ፤ ጤነኛው ልጅ መንትያውን ቢያጣ የሚደርስበትን የመንፈስ ጉዳት ምክንያት አድርጎ ነበር። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ሕግ ከሚፈቅዳቸው ጠባብ ሁኔታዎች በቀር፣ በሕይወት ካለ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ አካል እንዳይወሰድ ይላል። 18 ዓመት ከአንድ ቀን የሆነውን ግን ማን ይጠብቀዋል?

የሚታወቀውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በዕድሜ ዘመን ሁሉ የኩላሊት መድከም የሚደርስባቸውን አስልቷል። ከ10,000 ለጋሾች 90፣ እንደነሱ ጤነኛ ሆነው ካልሰጡ 10,000 ሰዎች 14፣ ከአጠቃላዩ ሕዝብ ደግሞ ከ10,000 ሰዎች 326 ናቸው። አደጋው ትንሽ ነው፤ ግን አለ። የ20 ዓመት ሰው ይህን ትንሽ አደጋ ተሸክሞ የሚሄደው 60 ዓመት ነው፤ የ45 ዓመት አባት ግን ግፊትና ስኳር ይዞት እንደሆነ ከወዲሁ አይተነዋል። ወጣት ሴት ለጋሾችን በሚመለከት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የካናዳ ጥናት በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ወይም ፕሪኤክላምፕሲያ በለጋሾች ላይ 11 በመቶ፣ ባልሰጡት ላይ 5 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ይህን ለአንዲት የ22 ዓመት እኅት ሳይነግሩ ማስፈረም ፈቃድ መቀበል አይባልም።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ታካሚም ወደዚያ የምትልኩ ጓደኞቼ ከኔ የምትወስዱት ይህ ቢሆን ደስ ይለኛል። አንደኛ፣ ጤነኛ ወላጅ ካለ ወላጅ ይቅደም። ወላጅ ሁልጊዜ በግማሽ ይስማማል፤ በደንብ የተመረመረ የ45 ዓመት እናት ኩላሊት ለልጇ ጥሩ ኩላሊት ነው። ወንድም ደግሞ ለሁለተኛው ዙር ይደርሳል፤ ያኔ ሠላሳውን አልፎ፣ ራሱን አውቆ ይወስናል። ሁለተኛ፣ ወጣቱን ለብቻው አነጋግሩት። "አልፈልግም" ካለ ምክንያቱ በእናንተ ዘንድ ይቅር፤ ለቤተሰቡ "በሕክምና ምክንያት አይሆንም" ማለት ይበቃል። ሦስተኛ፣ ሰጥቶ የወጣ ሰው ታካሚ አይደለም ብላችሁ አትርሱት። በዓመት አንድ ጊዜ ግፊቱ፣ ሽንቱና ክሬቲኒኑ ይታይ፤ ዕድሜ ልኩን።

እና ደግሞ በጤና ጣቢያም በክሊኒክም የምትሠሩ፣ ወንድ ልጅ የወለደች እናት ስትመጣ "ሽንቱ በደንብ ይወረወራል ወይስ ጠብ ጠብ ይላል?" ብላችሁ ጠይቁ። ያ የስድስት ዓመት ልጅ ሕመሙ የታወቀው ገና ሲወለድ ነው፤ አገር ቤት ቢሆን ምናልባት ሁላችንም ያየናቸውን፣ አብጠው የሚመጡትን ልጆች ይሆን ነበር። የልጅ ደም ግፊትም ይለካ፤ ትንሽ ካፍ ካጣችሁ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ንገሩኝ።

ሃያ ደቂቃዬ አልቋል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከዚያች የአምስት ዓመት ልጅ ወዲህ ያለፍኩትን ጥሪ ሁሉ በማግስቱ ለቤተሰቡ እናገራለሁ። "ትናንት ሌሊት ኩላሊት መጥቶ ነበር፤ በዚህ ምክንያት አለፍኩት" እላለሁ። ቀላል አይደለም፤ አንዳንዱ ይቆጣል፤ አንዷ እናት ሐኪም እስከ መቀየር ደርሳለች። ግን ጠዋት ለእናት መንገር እንዳለብኝ እያወቅሁ ሌሊት ስልክ ሳነሣ አልጋዬ ላይ ሆኜ አልመልስም። ተነሥቼ፣ መብራት አብርቼ፣ ቁጭ ብዬ ነው የማስበው።

ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ እናት ዘንድም ሄጄ ነግሬያታለሁ። ዘግይቼ፣ ግን ነግሬያታለሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችኝና "ለሚቀጥለው ልጅ ንገሪ" አለችኝ። ዛሬ የነገርኳችሁ ለዚህ ነው።

 አሁን የተኙትን ቀስቅሷቸውና እንብላ።